«ችላ ብዬ አልፈዋለሁ» የሚሉ አባት እና አልወርድ ያለ ግፊት

ጥያቄ፦ «አባቴ 68 ዓመቱ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አሜሪካ ከመጣ 30 ዓመት አልፎታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው። አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን ይገባል። የደም ግፊቱ መድኃኒት እየወሰደም አልወርድ አለ። በቀደም የዕለት ተዕለት መድልዎ ጥቁሮችን በስተርጅና ለበሽታ እንደሚዳርግ አንብቤ ስነግረው ሳቀብኝ። ‹ስንቱን ችላ ብዬ አልፌ ነው እዚህ የደረስኩት፤ ደግሞ ግፊት ከዘር ጋር ምን አገናኘው?› አለኝ። ነገሩ እውነት ነው ወይስ ሰበብ? እውነት ከሆነስ ምን ማድረግ ይቻላል?»

ምላሽ፦

እውነት ነው። አባትሽም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ግፊት ብዙ መነሻ አለው፦ ዕድሜ፣ ጨው፣ ክብደት፣ እንቅልፍ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ አንዳንድ ቀን የሚዘለል ኪኒን። መድልዎ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሁሉንም አያስረዳም። አረጋውያንን ሳክም የማየው ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ጭራሽ ይክደዋል። ሌላው ደግሞ ሁሉን ነገር እሱ ላይ ይከምራል። ሁለቱም ኪኒናቸውን ሲረሱ አያለሁ።

መጀመሪያ ተመራማሪዎች ምን ብለው እንደሚጠይቁ ልንገርሽ። ብዙ ሰው መድልዎ ሲባል ትዝ የሚለው ሥራ መከልከል፣ ቤት መከልከል ወይም ፖሊስ ነው። ዴቪድ ዊሊያምስ እና ባልደረቦቹ ግን በ1995 ዲትሮይት ላይ ባደረጉት ጥናት ትንንሹን ነገር የሚጠይቅ አጭር መጠይቅ ተጠቀሙ። ጥያቄዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ሰዎች ከሌላው ባነሰ ትሕትና ያናግሩሃል? አክብሮት ይነፍጉሃል? ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ስትገባ መስተንግዶው ይጓደልብሃል? ነገር እንደማይገባህ አድርገው ያዩሃል? የሚፈሩህ ይመስላሉ? እንደ አጭበርባሪ ይቆጥሩሃል? ከአንተ የሚበልጡ ይመስላቸዋል? ይሰድቡሃል? ያስፈራሩሃል? መልሱ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ከሚለው ተነስቶ «በጭራሽ» እስከሚለው ይሄዳል።

የመጠይቁ ብልሃት ስለ ዘር ቀድሞ አለማንሳቱ ነው። መጀመሪያ የደረሰብህን ይጠይቃል። «ምክንያቱ ምን ይመስልሃል?» የሚለው በኋላ ነው የሚመጣው። አባትሽን «ዘረኝነት ደርሶብህ ያውቃል?» ብትያቸው «የለም» ብለው ይዘጉታል። «ደንበኛ ብሩን እጅህ ላይ ከማስቀመጥ ወርውሮልህ ያውቃል?» ብትያቸው ግን ሌላ ጨዋታ ነው የሚጀምረው።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1992 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ወደ 20,000 የሚጠጉ አሜሪካውያንን በየሁለት ዓመቱ እየጠየቀ ይከታተላል። ከዚሁ መጠይቅ የተወሰዱ ጥያቄዎች በ2006 እዚያ ውስጥ ገብተዋል። አረጋውያኑ «ለምን ይመስልዎታል?» ሲባሉ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ምክንያት ዕድሜያቸውን መሆኑ አይገርምም፤ ሽማግሌ የሚናቅበት አገር ነው። ጥቁር ሽማግሌ ግን ሁለቱንም ይሸከማል። እንደ አባትሽ አነጋገሩ ውስጥ የአገሩ ቃና ያለበት ሰው ደግሞ ሦስተኛ ይጨመርለታል።

በብዙ ጥናቶች ላይ ተደጋግሞ የታየው ይህ ነው። የዕለት ተዕለት መድልዎ የሚበዛባቸው ሰዎች እንቅልፋቸው ይበላሻል፤ ድብርት ይበዛባቸዋል። ቺካጎ ውስጥ የሩሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሚከታተሏቸው ጥቁር አረጋውያን ላይ በ2010 የወጣ ጥናት አለ። ይህ ነገር የሚበዛባቸው ሰዎች ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሲአርፒ ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም ነው። ለልብም ለደም ሥርም ጥሩ ምልክት አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሌሊቱ ነው። የጤነኛ ሰው ግፊት ሲተኛ ይወርዳል። ልብና ደም ሥር የሚያርፉት ያኔ ነው። መድልዎ በሚበዛባቸው ሰዎች ላይ ግን ይህ የሌሊት መውረድ አነስተኛ ሆኖ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። ቀን ክሊኒክ ላይ የሚለካው ቁጥር ይህን አያሳይም።

እዚህ ላይ ሐቁን ሙሉውን ልንገርሽ፤ ሁሉም ጥናት አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ጃክሰን፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ከ5,300 በላይ ጥቁር አሜሪካውያንን ከ2000 ጀምሮ የሚከታተል የልብ ጥናት አለ። እዚያ ከግፊት ጋር ጎልቶ የተያያዘው በዕድሜ ዘመን የተጠራቀመው ትልልቁ መድልዎ ነው፦ የሥራው፣ የቤቱ፣ የትምህርቱ። ወደ 59,000 የሚጠጉ ጥቁር ሴቶችን የሚከታተለው ሌላ ጥናት በ2023 ያወጣውም ይመሳሰላል። በሥራ፣ በቤትና ከፖሊስ ጋር በነበራቸው ግንኙነት በሦስቱም መድልዎ ደርሶብናል ያሉት ሴቶች በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ38 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በየዕለቱ ንቀት ላይ ግን ይህን ያህል ግልጽ ነገር አልታየም። ስለዚህ ይህን ያህል ንቀት ይህን ያህል ግፊት ይጨምራል የሚል ሒሳብ የለም። ማንም እንዲህ ብሎ ቢነግርሽ አትመኚው።

ነገሩ ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ለማየት ጋራዡ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ደንበኛ መኪናው ላይ ጭረት አየ እንበል። ገና ከመኪናው ሳይርቅ «ማናጀር ጥሩልኝ» ይላል። አባትሽ ካሜራው እንደሚያወጣቸው ያውቃሉ። ጭረቱ ጠዋትም እንደነበረ ያውቃሉ። ቢሆንም ልባቸው ይመታል፣ ደም ሥራቸው ይጠብባል፣ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት የጭንቀት ሆርሞኖች ይለቀቃሉ። ካሜራው ታይቶ ሰውየው ይቅርታ ሳይጠይቅ ይሄዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁሉም ይረጋጋል። ይህ ብቻ ቢሆን ሰውነት ይችለዋል።

የሚጎዳው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። በማግስቱ አባትሽ መኪና ሲረከቡ ዙሪያውን በስልካቸው ፎቶ ማንሳት ይጀምራሉ። ሱቅ ሲገቡ እጃቸውን ከኪስ ያወጣሉ። ሲወጡ ደረሰኙን በእጃቸው ይይዛሉ። ሰው ሊያናግሩ ሲሉ ዓረፍተ ነገሩን በልባቸው ቀድመው ይደግሙታል። ማንም ምንም አላላቸውም። ሰውነት ግን ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ እንደቆመ መኪና ማለት ነው፤ የትም አይሄድም፣ ነዳጁ ግን ያልቃል። ተመራማሪዎች ይህን ነገር ለብቻው ይለኩታል። ምንም ሳይደርስ መጠበቁ ብቻውን ከእንቅልፍ ማጣትና ከግፊት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዋ አርሊን ጀሮኒመስ ይህን ሐሳብ ያነሳችው በ1992 ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በኑሮ ጫና ሰውነታቸው ከዕድሜው ቀድሞ ያረጃል አለች። ያኔ ብዙ ሰው አልተቀበላትም። በ2006 ከባልደረቦቿ ጋር ግፊትን፣ ስኳርን፣ ኮሌስትሮልንና ሌሎችን ምልክቶች ደምራ የሰውነትን ድካም በቁጥር አስቀመጠች። ጥቁሮቹ በየዕድሜው ከነጮቹ ከፍ ያለ ነጥብ ነበራቸው። ድህነት ብቻውንም ልዩነቱን አላስረዳውም። ድሃ ያልሆኑት ጥቁሮችም አላመለጡም።

አሁን ወደ አባትሽ ቃል ልምጣ። «ችላ ብዬ አልፌ ነው» ያሉት።

በ1996 ናንሲ ክሪገር እና ስቲቨን ሲድኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች በበርሚንግሃም፣ በቺካጎ፣ በሚኒያፖሊስና በኦክላንድ የሚኖሩ ከ4,000 በላይ ጥቁርና ነጭ ጎልማሶችን ግፊት አጠኑ። የጠበቁት መድልዎ ደረሰብን ያሉት ሁሉ ግፊታቸው ከፍ እንዲል ነበር። ያገኙት ግን ጠመዝማዛ ነው። ሠራተኛ ከሚባለው መደብ ከሆኑት ጥቁሮች መካከል «ምንም መድልዎ ደርሶብኝ አያውቅም፤ ያልሆነ ነገር ሲያጋጥመኝም ያለ ነው ብዬ እቀበለዋለሁ» ያሉት ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። ደረሰብን፣ አንድ ነገርም አደረግን ካሉት የበለጠ ማለት ነው። አፍ ያልተናገረውን ክንድ ላይ የታሰረው መለኪያ ተናገረ።

ሌላም ሰው አለ፤ አባትሽን ይመስሉኛል። ሼርማን ጄምስ የተባለ ተመራማሪ በ1978 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ጆን ሄንሪ ማርቲን የሚባሉ ገበሬ አገኘ። በ1907 የተወለዱ ጥቁር ናቸው። ማንበብና መጻፍ ራሳቸውን አስተምረዋል። የሰው መሬት እያረሱ ከዕዳ መውጣት በማይቻልበት ዘመን በ40 ዓመታቸው 75 ኤከር የራሳቸው መሬት ነበራቸው። ወደ 60 ሲጠጉ ደግሞ ግፊት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ከባድ የጨጓራ ቁስለት ነበራቸው። ጄምስ ከዚህ ተነስቶ አንድ ነገር መለካት ጀመረ፦ «ምንም ይምጣ፣ ጠንክሬ ከሠራሁ እወጣዋለሁ» የሚል ጽናትን። ይህ ጽናት ትምህርትና ገቢ ሲጨመርበት ያን ያህል አይጎዳም። ትምህርቱና ገቢው ዝቅተኛ ሲሆን ግን ከግፊት ጋር ተያይዞ አገኘው። ሁለት ሥራ እየሠሩ፣ ለአገር ቤት ብር እየላኩ፣ ልጅ አስተምረው ያስመረቁ ስንት አባቶች እንደምናውቅ አንቺም ታውቂያለሽ።

ይህ ማለት አባትሽ ከደንበኛ ጋር ይጣሉ ማለት አይደለም። ሥራ ያሳጣል፣ ንዴቱም ግፊት ነው። ችላ ማለት እውነተኛ ችሎታ የሆነላቸው ሰዎችም አሉ፤ በሩን ሲወጡ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ልዩነቱን ቤት ውስጥ ማወቅ ትችያለሽ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው ይቀራሉ? ሳሎን ቁጭ ብለው መንጋጋቸውን ነክሰው ይይዛሉ? ያለፈ ዓመት የሆነ ነገር ዛሬ እንደሆነ አድርገው ያወሩታል? እንዲህ ከሆነ ችላ አላሉትም። ውጠውታል።

እግረ መንገዴን አንድ ስስ ነገር ላንሳ። «እኛ ሐበሾች ነን፤ ይሄ የጥቁር አሜሪካውያን ጣጣ ነው» የሚሉ ብዙ አሉ። አባትሽም «ግፊት ከዘር ጋር ምን አገናኘው» ሲሉ ይህ ሳይኖርበት አይቀርም። ግማሽ እውነት አለው። ከአፍሪካ የሚመጡ ስደተኞች ሲመጡ ጤናቸው ከአሜሪካ ተወላጅ ጥቁሮች የተሻለ ነው። በ2005 የወጣ አንድ ጥናት እንዲያውም ነጮች ጥቂት ከሆኑበት አገር የመጡ ጥቁሮች ጤናቸው የተሻለ ሆኖ፣ ነጮች ከሚበዙበት አውሮፓ የመጡት ጥቁሮች ግን ከአሜሪካ ተወላጆቹ ያልተሻሉ መሆናቸውን አግኝቷል። አንድ ሰው ያደገበት አገር ሰውነቱ ላይ ይታያል ማለት ነው። ይህ ብልጫ ግን ዓመታት ሲጨመሩ እየሳሳ ይሄዳል። 30 ዓመት ደግሞ ብዙ ነው። ብሩን የሚወረውረው ሰውዬ አገራችሁ የት ነው ብሎ አይጠይቅም።

ክሊኒኩ ራሱ ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። በ2016 የወጣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችንና ጀማሪ ሐኪሞችን ጠይቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ ስለ ጥቁሮች ሰውነት ቢያንስ አንድ የተሳሳተ ነገር ያምኑ ነበር፤ ለምሳሌ የጥቁር ቆዳ ወፍራም ነው የሚል። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የጥቁር ታካሚዎችን ዝቅተኛ ኦክስጅን ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ አብዝቶ እንደሚስት ታወቀ። ይህን የምነግርሽ አባትሽን ሐኪም እንዲሸሹ አይደለም። አብረሻቸው ግቢ፣ ጥያቄ ጠይቂ፣ ቁጥሮቹን ጻፊ።

አብረሽ ግቢ ስል አስተርጓሚ ሁኚ ማለቴ ግን አይደለም። ይህን አጥብቄ እላለሁ። አንዳንድ የግፊት ኪኒን የወንድነትን ነገር ይነካል። አባት ይህን በሴት ልጁ አፍ ለሐኪም ያስነግራል? አያስነግርም። ኪኒኑን ዝም ብሎ ያቆማል። ሐኪሙ ግፊቱ አልወረደም ብሎ ሌላ ይጨምራል። ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ቢሆን። ቀጠሮ ስትይዢ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብለሽ አስመዝግቢ። እንግሊዝኛቸው ለጋራዥ ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህ ግን ሰው በእናቱ ቋንቋ ነው የሚያወራው።

«ምን ማድረግ ይቻላል» ላልሽው አንድ የምወደው ጥናት አለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ 52 የጥቁሮች ጸጉር ቤቶች ላይ የተሠራ ነው፤ ውጤቱ የወጣው በ2018 ነው። ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ጥቁር ወንዶች ተሳትፈዋል። በአንደኛው ወገን ፋርማሲስት ጸጉር ቤቱ ድረስ እየመጣ ይለካል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ያስተካክላል። በሌላው ወገን ጸጉር አስተካካዩ «ሐኪም ጋ ሂድ» ብሎ ይመክራል። ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ የላይኛው ግፊት በአማካይ በ27 ነጥብ ወረደ። የሁለተኛዎቹ በ9 ገደማ። በእነዚያ ስድስት ወራት አሜሪካ አልተለወጠችም። መድልዎው እዚያው ነበር። ግፊቱ ግን ወረደ፤ ሰዎቹ የሚከበሩበት ቦታ ላይ፣ የሚያምኑት ሰው ባለበት፣ ትክክለኛው መድኃኒት በትክክለኛው መጠን ስለደረሳቸው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን እወቁ። ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ግዙ፤ የእጅ አንጓውን አይነት ተዉት። አባትሽ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይጠላለፍ፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለቴ፣ ለአንድ ሳምንት። ሥራ የገቡበትን ቀን ምልክት አድርጊበት። የሥራ ቀን ማታና የዕረፍት ቀን ማታ ከተለያየ ለሐኪሙም ለእሳቸውም ትልቅ መረጃ ነው። «ምን አገናኘው» ላሉትም ከእኔ ይልቅ የራሳቸው ወረቀት ይመልስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግቡ ከ130/80 በታች ነው።

ቀጥሎ የኪኒን ዕቃዎቹን አንድ ላይ አምጥተሽ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪያቸው። አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት ኪኒን አለበት? እግር ሊያሳብጥ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል አይደለም፤ ሳይናገሩ አቁመውት ይሆናል። መጠኑን መቀነስ ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር ማጣመር ይቻላል። ጿሚ ከሆኑ ደግሞ በጾም ወራት የጠዋቱን ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆዩታል ወይ ይዘሉታል። ወደ ማታ ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። የሚያንኮራፉ ከሆነም ንገሩት፤ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ ለማይወርድ ግፊት የታወቀ ምክንያት ነው።

ጫናውን በተመለከተ፣ የሚያወሩበት ሰው ያላቸው ሰዎች ጉዳቱ እንደሚቀንስላቸው ብዙ ጥናት ይጠቁማል። አባቶቻችን «ቴራፒ» ሲባሉ «አበድኩ እንዴ?» ነው የሚሉት። ደግነቱ ዕድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ ቡና አለ። እዚያ ስለ ፖለቲካ የሚያወራው ሰው ሁሉ ጋራዥ ወይ ታክሲ ወይ ኤርፖርት ሠርቷል። አንዱ ከጀመረው ሌላው ይቀጥላል። ከዚያው ላይ አንድ መለኪያ ቢቀመጥ ደግሞ የሎስ አንጀለሱን ጸጉር ቤት አገኘን ማለት ነው።

ሕክምና ቦታ ላይ አድልዎ ከደረሰባችሁ፣ ወይም አስተርጓሚ ተጠይቆ ከተከለከለ፣ ቀኑንና የሆነውን ዕለቱኑ ጻፉ። መጀመሪያ ለሆስፒታሉ የታካሚዎች ጉዳይ ክፍል አመልክቱ። ለፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮም በ180 ቀን ውስጥ አቤቱታ ማስገባት ይቻላል። የሥራ ቦታው ነገር በሌላ መንገድ የሚሄድ ነው፤ እሱን ለብቻው ብትጠይቂ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ቤት ስትለኩ ከ180/120 በላይ ካገኛችሁ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት። ከዚያ ቁጥር ጋር ግን የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የአፍ መንጋደድ፣ የንግግር መተሳሰር ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለ መድገሙንም ሆነ ጠዋት እስኪነጋ አትጠብቁ፤ 911 ደውሉ። ምልክት ከሌለና ሲደገምም ከፍ ካለ በዚያው ቀን ለሐኪማቸው ደውሉ።